ጎርጎራ፤ በጣና ዳር የምትገኝ ትንሽ መንደር

ከጎንደር ከተማ በአዘዞ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ቆላ ድባንና ጯሂትን አልፎ፣ የደምቢያን ሜዳ ሰንጥቆ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ከጣና ሐይቅ ዳር ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ውሃ እንጂ መሬት የለም። መንገዱ የሚያልቅባት ይህች ስፍራ ጎርጎራ ትባላለች።

ከመኪና የወረደ እንግዳ በመጀመሪያ የሚያየው ጥቂት ነው። አንድ የመርከብ ወደብ፣ በዛፍ የተከበበ አንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከጥላ ሥር ተቀምጠው ዓሣ የሚያጸዱ ሴቶች፣ ከውሃው ወጥተው የሚደርቁ ታንኳዎች። ይህን ሁሉ ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃል። እኛም ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ሄደን ስለ ነበረ ጉዳያችንን በጥዋት ፈጽመን ከቀትር በኋላ ለመመለስ አስበን ነበር። ነገር ግን ያደረሰን መኪና እስከ ማግሥቱ ሳይመለስልን ቀረ። በዚያች ሰዓት ብንቈጣም በማደራችን ተጠቅመናል፤ ጎርጎራ ግማሽ ቀን ብቻ ለሚቆይ ሰው ነገሯን አትገልጥምና።

ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ያየነውንና የሰማነውን፣ ከዚያም ወዲህ ከመጻሕፍት ያገኘነውን የያዘ ነው። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ እንደ እኛው አማርኛን በትምህርት የያዙ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆኑ በየመንገዱ ያገኘናቸውን አንዳንድ ቃላት እንፈታለን። ዓመቶቹም ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። የዳሩ ሰዎች ግን ሐይቅ ብለው አይጠሩትም፤ «ባሕር» ይሉታል። ምጽዋን ያየ ሰው ይህን ሲሰማ በመጀመሪያ ፈገግ ይላል። ሆኖም በጎርጎራ ወደብ ቆሞ ወደ ደቡብ ሲመለከት ማዶው አይታየውም፤ ስለዚህ የስሙን ተገቢነት ወዲያው ይቀበላል። ጥልቀቱ ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም። እጅግ ጥልቅ ነው በሚባልበት ስፍራ እንኳ ወደ 15 ሜትር ገደማ ነው። በውስጡ ካሉት ሠላሳ ሰባት ያህል ደሴቶች በብዙዎቹ ላይ ገዳማትና አድባራት አሉ።

ጎርጎራ በታሪክ መጻሕፍት ስሟ የገነነው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ሱስንዮስ በ1599 ዓ.ም. ከነገሡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማቸውን በዚህ አደረጉ። እዚህ ላይ አንባቢ «ከተማ» የሚለውን ቃል እንደ ዛሬው እንዳይረዳው ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ከተማ ማለት ንጉሡ ድንኳኑን ተክሎ ከሠራዊቱ ጋር የሰፈረበት ቦታ ማለት ነበር። ንጉሡ ሲነሣ ከተማው አብሮ ይነሣል፤ የሚቀረው የእሳት አመድና የተረገጠ ሣር ነው። ክረምቱን የሚያሳልፍበት ሠፈር ብቻ ጥቂት ጊዜ ይጸናል። ጎርጎራ ለዚህ የምትመች ነበረች። በሦስት ወገን ውሃ ከብቧታልና ለጠባቂ ትቀላለች፤ የደምቢያ ሜዳ እህል ከኋላዋ ነው፤ ዓሣው ከፊቷ ነው።

በዚያው ወራት ንጉሡ ዘንድ ይመላለስ የነበረ አንድ የእስጳንያ ሰው ነበር፤ ስሙ ጴድሮስ ፓኤዝ ይባላል። ኢየሱሳውያን ከሚባሉት፣ በሌላ አጠራር ጀስዊት ከሚባሉት መነኮሳት ወገን ነው። ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ሲሞክር በመጀመሪያ በዐረቦች እጅ ወድቆ በየመን ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ተቀመጠ። ከተፈታም በኋላ አሳቡን አልተወም። በ1595 ዓ.ም. ምጽዋ ወርዶ በዐድዋ አጠገብ ወዳለችው ወደ ፍሬምና ደረሰ። የፍሬምና የቀድሞ ስሟ ማይ ጓጓ ነው፤ ትግርኛ ለሚያውቅ ሰው ከስሙ ውስጥ ውሃ እንዳለበት መንገር አያስፈልግም። እንግዲህ ይህ ሰው በመጀመሪያ የተቀመጠው በትግርኛ ተናጋሪ አገር ነው፤ አማርኛን የተማረው ከዚያ ወዲያ ነው። በዚህ ረገድ ከብዙዎቻችን ጋር የመንገድ ጓደኛ ሊባል ይችላል።

ፓኤዝ ግእዝንም አማርኛንም ተማረ። የሃይማኖት ትምህርቱን በጥያቄና በመልስ ወደ አማርኛ አስመልሶ ለልጆች ያስጠና ነበር። በ1596 ዓ.ም. ዐፄ ዘድንግል ባስጠሩት ጊዜ ከደቀ መዛሙርቱ ልጆች ይዞ በቤተ መንግሥት ቀረበ፤ ልጆቹም የተማሩትን በንጉሡና በመኳንንቱ ፊት በቃላቸው መለሱ። የዚያን ቀን ነገር ሁሉንም ሰው ያስገረመው የትምህርቱ ይዘት ብቻ አይደለም፤ ቋንቋውም ጭምር ነው። የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ግእዝ ነበረ። ስለ ሥላሴና ስለ ሥጋዌ በግእዝ እንጂ በገበያ ቋንቋ መጻፍ የተለመደ አልነበረም። ኢየሱሳውያን ሕዝቡን በሚሰማው ቋንቋ ለማስተማር በአማርኛ መጻፍ በጀመሩ ጊዜ የተዋሕዶ ሊቃውንትም መልሱን በአማርኛ ለመስጠት ተነሣሡ። ስለዚህ ከጥንታውያን የአማርኛ ዝርው ጽሑፎች ጥቂቶቹ የዚያ ክርክር ልጆች ናቸው። ዛሬ የምንማረው የጽሕፈት አማርኛ ብዙ ወላጆች አሉት፤ ከእነርሱ አንዱ ይህ ጠብ መሆኑን ስናውቅ ተደንቀናል።

ወደ ጎርጎራ እንመለስ። በ1606 ዓ.ም. ገደማ ፓኤዝ ለንጉሡ በዚህ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠራ። ሠራተኞቹ ጠርቦ መካብን ስላልለመዱ መሣሪያውን ራሱ ቀርጾ፣ አያያዙን ራሱ አሳይቶ ነበር ይባላል። ከእርሱ አስቀድሞ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ፣ ጉዛራ በሚባለው ስፍራ ግንብ እንዳሠሩ ስለሚነገር «በአገሩ የመጀመሪያው ግንብ ይህ ነው» ለማለት አንደፍርም። ሕዝቡን ያስገረመው ግን ቤቱ ሁለት ደርብ ያለው መሆኑ ነው። ከላይኛው ደርብ ሆኖ ሐይቁን ማየት ይቻል ነበር። በዚያ ዘመን ለእንደዚህ ያለ ነገር በአማርኛ ስም አልነበረውም። ስለዚህ ያዩት ሰዎች ያዩትን ብቻ ተናገሩ፤ «በቤት ላይ ቤት» አሉት። ይህን አጠራር የፖርቱጋል ጸሐፊዎች በጆሮአቸው እንደ ሰሙት በላቲን ፊደል ጽፈው አቈይተውልናል። ዛሬ «ፎቅ» የምንለው ቃል በኋላ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም «በላይ» ማለት ነው። እኛ ግን የጎርጎራን ሰዎች አጠራር እንወደዋለን። የማያውቁት ነገር ሲመጣባቸው ቃል አልተበደሩም፤ ሦስት የቤታቸውን ቃላት አጋጠሙ እንጂ።

ፓኤዝ በሚያዝያ 1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ወደ ግሽ ሄዶ የዓባይን ምንጭ አይቶ ጽፏል። የኢትዮጵያንም ታሪክ በፖርቱጋል ቋንቋ በሰፊው ጽፎ ጨረሰ፤ መጽሐፉ ግን ሳይታተም ሦስት መቶ ዓመት ያህል ተቀመጠ። በግንቦት 1614 ዓ.ም. በትኩሳት ሞተ፤ የተቀበረውም በጎርጎራ ነው።

እኛ ፊደል የቈጠርነው በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የፓኤዝ ስም በምስጋና ይነሣ ነበር፤ ትዕግሥቱ፣ የእጁ ሥራ፣ የቋንቋ ዕውቀቱ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ ግን፣ በዕድሜ የገፉ የቤተ ሰባችን ሰዎች የሱስንዮስን ዘመን የሚያነሡት ወንድም ወንድሙን የገደለበት ዘመን በማለት ነበር። ልጅ ሳለን ሁለቱ ነገሮች ስለ አንድ ዘመን የተነገሩ መሆናቸውን እንኳ አላስተዋልንም። በጎርጎራ ዳር ቆመን ነው ሁለቱን አንድ ላይ ያየናቸው።

ከፓኤዝ ሞት በኋላ የሆነው ይታወቃል። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን እምነት ተቀብለው በየካቲት 1618 ዓ.ም. በደንቀዝ ለሮማው ሊቀ ጳጳሳት መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከውጭ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። ካህናቱ እንደ ገና ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፣ ጾሙና በዓሉ ይለወጥ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ባላገሩ ከንጉሡ ተለየ። ከተቃወሙትም መካከል ባልዋንና ቤትዋን ትታ የመነኰሰችው እመቤት ወለተ ጴጥሮስ ነበረች፤ ከጊዜ በኋላ ገድሏ በግእዝ ተጽፎላታል፤ ያረፈችውም በዚሁ በጣና ደሴት በሬማ ነው። ጦርነቱ ዓመት ከዓመት ቀጠለ። በሰኔ 1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን በሜዳው የወደቀው ስምንት ሺሕ ያህል ሰው የራሳቸው ባላገር ነበረ። በዚያው ወር የተዋሕዶን ሃይማኖት በዐዋጅ መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ፤ በመስከረም 1625 ዓ.ም. ዐረፉ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጥተው በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ የቤተ መንግሥት ሰው በጎርጎራ ለመቀመጥ አልመጣም።

ግንቡ ግን አለ፤ ወይም ከግንቡ የቀረው። ከወደቡ በጀልባ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ማርያም ግንብ የሚባል ስፍራ ይገኛል። የአገሩ ሰው የሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ነው ይለዋል። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ለብዙ ዓመታት መጥተው የቈፈሩና የለኩ የእስጳንያ ሊቃውንት ግን የኢየሱሳውያን ሁለተኛው ሠፈር፣ ፓኤዝ ከሞተ በኋላ የተሠራው ቤተ ክርስቲያንና መኖሪያ ነው ብለው ጽፈዋል። የፈረሰው ይበዛል። በቀረው ግድግዳ ላይ ግን በድንጋይ የተቀረጸ አበባ ይታያል፤ ጠራቢው ለአንዱ አበባ ስንት ቀን እንደ ደከመ እያሰብን ጥቂት ቆምን። የሾላ ሥር ገብቶ ሁለት ድንጋይ አለያይቷል። አንድ እረኛ ልጅ ከግንቡ ጥላ ሥር ፍየሎቹን አሳርፎ ነበር። «ይህን ማን ሠራው?» ብለን ብንጠይቀው «ፈረንጅ» አለን። «መቼ?» ብንለው «ዱሮ፤ አያቴ ሳይወለድ» ብሎ መለሰ። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ መልስ ከትምህርት ቤት ልጅ አንጠብቅም።

ከማርያም ግንብ መጥቶ ወደ ደብረ ሲና ማርያም የሚገባ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያያል። ደብረ ሲና በወደቡ አጠገብ ያለው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዐፄ አምደ ጽዮን ዘመን፣ ማለት በ1300ዎቹ መጀመሪያ እንደ ተመሠረተ ይነገራል። ያሠራሩ መልክ ትሑት ነው፤ የጭቃና የእንጨት ግድግዳ፣ ክብ ጣሪያ፣ በዙሪያው የጥንት ዛፎች። ጫማችንን አውልቀን ስንገባ ግን የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኖ አገኘነው። ሥዕሉን ያሣሉት የዐፄ ፋሲለደስ እኅት መለኮታዊት እንደ ሆኑ ካህናቱ ይናገራሉ፤ የእርሳቸውም መልክ በእመቤታችን ሥዕል ሥር በስግደት ተሥሎ ይታያል። ያንን ግንብ ያሠሩት ንጉሥ ልጅ፣ በአባታቸው ዘመን በሃይማኖት ምክንያት ደም በፈሰሰበት አገር፣ ግንብ ሳይሆን ሥዕል አኖሩ። በዚህ ላይ ብዙ ለመፈላሰፍ አንፈልግም፤ ነገር ግን ግንቡ ፈርሶ ጭቃው እስከ ዛሬ ቆሟል። ምክንያቱም ምሥጢር አይደለም። ጭቃው በየክረምቱ የሚለጥፈው፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚክድነው ደብር አለው፤ ግንቡ ግን ባለቤቶቹ ሲሄዱ የሚጠግነው አላገኘም።

ከዚያ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ስለ ጎርጎራ ብዙ የሚጻፍ ነገር የለም። ዓሣ አጥማጁ አጠመደ፤ ካህኑ ቀደሰ። ከዚያ ኢጣልያ መጣ። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር በጠላት እጅ ወደቀች፤ የኢጣልያም ጦር ወደ ጣና ዳር ወርዶ በጎርጎራ ሰፈረ። ሐይቁን ለመሻገር በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎች መጡ፤ በኰረብታውም ላይ ለድላቸው መታሰቢያ ይሆናል ያሉትን ረጅም የሲሚንቶ ሐውልት አቆሙ። ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የሐውልቱ ዕድሜ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ሐውልቱን ልጆች ይወጡበታል፤ ከላዩ ሐይቁ በደንብ ይታያል ይላሉ።

ወደቡ ግን ከጠላት በኋላም አገልግሏል። ለብዙ ዓመታት ከባሕር ዳር በሳምንት አንድ ቀን የሚነሣ መርከብ ቁንዝላ አድሮ በማግሥቱ ጎርጎራ ይደርስ ነበር። እህል፣ ቡና፣ በርበሬ፣ ፍየል፣ ተማሪ፣ መነኩሴ፣ ለመታከም የሚሄድ ሕመምተኛ ሁሉ በአንድነት ይጫኑበታል። በእነዚያ ዓመታት ያደጉ የጎርጎራ ሰዎች የሳምንቱን ቀናት የሚቈጥሩት በመርከቡ እንደ ነበር ነግረውናል፤ «መርከቡ የሚመጣበት» ቀን አለ፣ የቀሩት ስድስቱ ሁሉ «ሌላ ቀን» ናቸው።

ስለ አካባቢው ጤና አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ጥፋት ይሆንብናል። የደምቢያ ሜዳ ለእህል እንደሚመች ሁሉ ለወባም ይመቻል። የሐይቁ ዳር ሰዎች ወባን «ንዳድ» ይሉት ነበር፤ ቃሉ የትኩሳቱን እሳት ያሳያል። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺሕ ሰው ፈጀ። በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ መቅሠፍት ነው፤ ተማሪዎቹም በቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ይለማመዱ ነበር። ዛሬ በብዙ የአገራችን ወረዳዎች የጤና መኰንን ወይም ነርስ ሆነው ያገለገሉ ሰዎች የሙያቸው መጀመሪያ የዚያ ሜዳ ሕመም እንደ ሆነ ምናልባት አያውቁም ይሆናል።

ያደርንባት ሌሊት ካለፈች በኋላ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ወረድን። በዕድሜ የገፉ አንድ ሰው ታንኳቸውን ሲያስተካክሉ አገኘናቸው። ታንኳ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ እንግለጥ። ደንገል የሚባል፣ በውሃ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል አለ፤ የግብፅ ሰዎች በጥንት ዘመን ወረቀት የሠሩበት ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፤ ጥቂት ቀናት በፀሐይ ይጠወልጋል፤ ከዚያ በኋላ በነዶ በነዶ ተደርጎ በልጥ፣ ማለት ከዛፍ በተላጠ ቅርፊት ይታሰራል። ፊቱ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሚስማር የለበትም፤ ሳንቃም የለበትም። ሰውንም፣ ማገዶንም፣ ጤፍንም ተሸክሞ ይሄዳል። ነውሩ አንድ ብቻ ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ ከውሃ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ እንደዚህ ቢጠበቅም ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። ፓኤዝና ጓደኞቹም በጣና ላይ ሲመላለሱ የተሳፈሩት በዚህ ነው፤ አሠራሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

በሐይቁ ዳር ይህን ሥራ ከሁሉ የበለጠ ያውቁታል የሚባሉት ወይጦዎች ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ ያድኑ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ጎረቤቶቻቸው ይጸየፏቸው ነበር፤ ይህ ደግ ነገር አይደለም። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው ይባላል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው፤ የቀድሞው ጠፍቷል። እኛ በፈቃዳችን ለሥራችን ስንል አማርኛ ተምረናል፤ ትግርኛችንም በቤታችን አለ። ለእነርሱ ግን የሚመለሱበት ሌላ ቋንቋ አልቀረላቸውም። ይህን ለቋንቋ ተማሪ መንገር ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

«አባቴ፣ አንድ ታንኳ ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?» ብለን ሽማግሌውን ጠየቅናቸው።

«ማሰሩማ የአንድ ቀን ነገር ነው፤» አሉን። «ደንገሉን ማግኘቱ ነው እንጂ። ቀድሞ ከደጃፌ አጭድ ነበር፤ አሁን ግማሽ ቀን ቀዝፌ ሄጄ ነው የማጭደው። ዳሩ ሁሉ ታረሰ።»

ነገሩ እውነት ነው። በበጋ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት ለም ስለ ሆነ ገበሬው ይዘራበታል፤ መሬት ያነሰው ሰው ምን ያድርግ? ደንገሉ ግን የሚበቅለው በዚያው ስፍራ ነው። ዓሣውም እንቁላሉን የሚጥለው ከደንገሉ መካከልና ከገባር ወንዞቹ አፍ ነው። በዚህ ላይ በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳር ታየ። አበባው ሐምራዊና ያማረ ነው፤ ስለ መልኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው በአትክልት ስፍራው ይተክለው ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የደምቢያን ዳር አለበሰው። ገበሬው በሺሕ እየተሰበሰበ፣ እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ፣ በእጁ ነቀለው፤ እንደ ገና በቀለ። ሐይቁና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። መመዝገቡ መልካም ነው፤ አረሙን ግን አላስቆመውም።

የሽማግሌው ባለቤት ዓሣውን ከጀልባ ተቀብለው የሚሸጡት እርሳቸው ናቸው። ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ለየብቻ ያስቀምጣሉ፤ ቀረሶው ቀድሞ ያልቃል። የጠራው ውሃ ወደ ውስጥ ስለ ሸሸ የሚቀዱበትን ስፍራ ሁለት ጊዜ መለወጣቸውን ነገሩን። «እምቦጩ ከመጣ ወዲህ እንስራ ይዞ መውረድ ራሱ ሥራ ሆኗል፤ ልጅቱን ብቻዋን አልሰዳትም፤ ሥሩ እግር ይይዛል፤» አሉ። ከዚያም እንግዳ ነንና ከተጠበሰው ቀረሶ አቀረቡልን። አጥንቱ ብዙ ነው፤ ጣዕሙ ግን ሌላ ቦታ ከበላነው ዓሣ ሁሉ ይበልጣል።

በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጎርጎራ «ገበታ ለሀገር» በተባለው ሥራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ተመርጣ፣ ለአገር ጎብኚዎች የሚሆኑ ታላላቅ የማረፊያ ቤቶች ተሠርተውባታል። ቤቶቹን አይተናል፤ ያማሩ ናቸው። መንግሥት ለጎርጎራ ድንጋይ ሲያመጣ ግን ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ስለዚህ ሽማግሌውን ስለ ነገሩ ያላቸውን አሳብ ጠየቅናቸው። ቶሎ አልመለሱልንም።

«ልጄ ቤቶቹ ሲሠሩ በቀን ሥራ ገብቶ ደህና ገንዘብ አገኘ፤» አሉ በመጨረሻ። «ቤቴን ቆርቆሮ ያለበሰልኝ እርሱ ነው። ሥራው ሲያልቅ ወደ ጎንደር ሄደ። ታንኳ ማሰር አልተማረም፤ እኔም አላስተማርኩትም። ደንገል ከሌለ ምን አስተምረዋለሁ?»

«ጎብኚዎቹ በታንኳ መሳፈር ይወዳሉ ይባላል፤» አልናቸው።

«እንግዲያው ደንገሉን ይጠብቁልና፤» አሉን። «እናንተ የመንግሥት ሰዎች ናችሁ። የምትጽፉትን የሚያነብ አለ?»

አለ፣ ብለን መለስንላቸው። ይህን ስንል በሙሉ ልብ እንዳልነበረ እዚህ እናምናለን። ሆኖም የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ከፊላቸው በየወረዳው የእርሻ፣ የውሃ፣ የመሬት ጉዳይ የሚፈርሙ ሰዎች ናቸው። የሐይቁን ዳር በስንት ሜትር ርቀት ማረስ እንደሚገባ የሚወሰነው በእነርሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለዳሩ አራሽ ሌላ መሬት ወይም ሌላ እንጀራ ሳይገኝለት «አትረስ» ቢባል እንደማይሆን እኛም እናውቃለን። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሰው የሚያስፈልገው ግን አሁን፣ ደንገሉ ገና ሳያልቅ ነው።

ፀሐይ ሞቅ ስትል መኪናው መጣ። ልንሰናበታቸው ስንሄድ ሽማግሌው ታንኳቸውን ከውሃው ጎትተው አውጥተው በሾላው ግንድ ላይ አስደግፈው እያቆሙት ነበር። በአንድ ወገን ይዘን ረዳናቸው፤ ውሃ የጠጣ ታንኳ ከሚመስለው ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ከነዶው ሥር ውሃው እየተንጠፈጠፈ በአሸዋው ላይ ወደ ሐይቁ ይመለስ ነበር።

«ዛሬና ነገ ይድረቅ፤» አሉን እጃቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። «ከነገ ወዲያ እሄድበታለሁ።»